ግድግዳው ላይ የተኛችው ልጅ

ዌንደልን መጀመሪያ ያየሁት ጆሮውን ግድግዳዬ ላይ ለጥፎ ነው።

«ግድግዳዬ» ስል የእኔ ሆኖ አይደለም፤ የእማማ ኤርሊን ነው። ከስቱዲዮአችን ጎን አንድ ባዶ ቦታ አለ። ከባዶው ቦታ ማዶ ደግሞ የእማማ ኤርሊን ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት ጎኑን ሰጥቶን ቆሟል። እኔና ልጆቼ ያንን ጎን ስምንት ወር ሙሉ ስናልመው ከርመናል። ስለዚህ አንድ የሚያዝያ ጠዋት፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ጡቡን በመዶሻ እጀታ ሲያንኳኳ ሳየው፣ የጀመርኩትን ዳቦ በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ።

«አንተ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ዝም በይ እስቲ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ዝም በይ?»

«እያዳመጥኳት ነው።»

«ምን አለችህ ታዲያ?»

ያን ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። ጉንጩ ላይ የጡብ ብናኝ ነበር። «ገና ልትጀምር ስትል አቋረጥሻት» አለኝ።

ስዕሉ ከመለጠፉ በፊት ግድግዳውን እንዲያድስ የተላከልን ግንበኛ እሱ ነበር። እኔ ደግሞ ኖኤሊያ እባላለሁ፤ በሰሜን ፊላደልፊያ፣ በአንድ አሮጌ ሥጋ ቤት ውስጥ፣ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የተከፈተ የስዕል ስቱዲዮ አስተዳድራለሁ። የሥጋ መስቀያዎቹ እስካሁን ጣሪያው ላይ አሉ። ያልደረቀ ሸራ እንሰቅልባቸዋለን።

የእኛ ሰፈር ስዕል ግድግዳ ላይ አይሳልም። በስስ ሸራ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚሳለው። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ነው፤ የራሱ ተራ ቁጥርም አለው። መስመሩን እኔ አሰምራለሁ፣ በየመስመሩ ውስጥ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ለየቁጥሩ የራሱ የቀለም ኩባያ አለ። ሲደርቅ ይጠቀለላል። ሁሉም ሲያልቅ ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሸራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም። የእኛ ስዕል ሰማንያ አራት ቁራጭ ነበር። ሥጋ ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ደግሞ አራቱን ብቻ ነው። እንግዲህ ስምንት ወር የደከምንበትን ስዕል ሙሉውን ያየው ማንም አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ምን እንሳል ብዬ የጠየቅኳቸው ቀን አንዱ አንበሳ አለ፣ አንዷ ዘፋኝ አለች። ዘኪያ ግን ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ምላጭ ነው፤ ብሩሽ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

«የተኛች ልጅ እንሳል» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ለምን?»

«ማን ያስተኛናል ሚስ? ሳይነጋ ተነሱ፣ ታናናሾቻችሁን አልብሱ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣችሁ። ማታ ደግሞ ሳይረን። በዚህ ሰፈር አንድ ሰው እንኳን ደህና አድርጎ ይተኛ!»

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ሁሉም ተያዩ። የተኛችው ልጅ በዚያች ደቂቃ ተወለደች። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድማ፣ ብርድ ልብሷ ከሰፈሩ ሰው ልብስ የተጣጣፈ እንዲሆን ተስማማን። ፊቷን ዘኪያ ወሰደች።

ችግሩ፣ የዘኪያ እናት ጆርጂያ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሥራ አግኝታ በሰኔ መጨረሻ ሊሄዱ ነበር። «ሳትሄጂ ግድግዳው ላይ ታያታለሽ» አልኳት። ቃሉን የሰጠኋት አሥራ አራት ልጆች ፊት ነው። እነዚህ ልጆች ቃል ተገብቶላቸው ሲቀር ማየት የለመዱ ናቸው፤ የእኔም እንዲቀር አልፈለግኩም።

ዌንደል ግድግዳው ላይ ውሎ ሲጨርስ እጁን ሊታጠብ ወደ እኛ ይመጣል። መጀመሪያ ታጥቦ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ ታጥቦ ቆም ማለት ጀመረ። ኋላማ መታጠቡንም እየረሳ መጣ። አንድ ቀን ብሩሽ ሰጠሁትና አርባ አንድ ቁጥር ቁራጭን፣ ከብርድ ልብሱ አንዱን እራፊ፣ ቀባ። ጡብ በክር እንደተለካ የሚደረድር ሰው ቀለሙን ከመስመሩ አውጥቶ አውጥቶ ጉድ አደረገው።

«ጋሽ ዌንደል» አለችው ዘኪያ፣ «መስመር የሚባል ነገር አለ እኮ።»

«እኔ የማውቀው የግንብ ነው።»

«ሚስ፣ ይሄን ሰውዬ ምን ይሠራልናል ብለሽ ነው ያስገባሽው?»

«ቀለም እንዲያቀብል» አልኩ።

«ለማን?»

ሥጋ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ኩባያ ላነሳ ጎንበስ አልኩ፤ የማነሳው ኩባያ ግን አልነበረም። ቀና ስል እሱም ጎንበስ ብሎ ያው የሌለውን ኩባያ ይፈልጋል።

በማግስቱ ጠራኝና ግድግዳው ሥር አቆመኝ። «ይሄ ግድግዳ ውጪ እንዲሆን አልተሠራም» አለኝ። «እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ሌላ ቤት ነበር። ሁለቱ ቤቶች በዚህ ግድግዳ ይገናኙ ነበር። ያኛው ሲፈርስ ነው ይሄኛው ዝናብ ላይ የወጣው።» በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ። ልስኑ ውስጥ ሰያፍ ጠባሳ ነበር፤ ደረጃ የነበረበት። ከዚያ ፈንጠር ብሎ፣ እጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ የጣት ርዝመት የምታህል የግድግዳ ወረቀት፣ ቢጫ አበባዋ ሳይጠፋ ተጣብቃ ቀርታለች።

ስምንት ወር አይቼው አላየሁትም ነበር። ሰው ደረጃ ወጥቶ ወርዶበታል፣ ልጅ አልጋውን አስጠግቶ ተኝቶበታል። እኛም ልጅ ልናስተኛበት ነው። እጄን ቢጫዋ አበባ ላይ አሳረፍኩ፤ የዌንደል እጅ አጠገቡ ነበር። ሁለታችንም አላነሳንም።

ከዚያ ወዲያ ምሳችንን በእማማ ኤርሊን ደረጃ ላይ መብላት ለመድን። እሱ ከሆጊው፣ ከረጅሙ የሰፈራችን ሳንድዊች፣ ግማሹን ይሰጠኛል፣ እኔ እናቴ ከገና አስተርፋ በማቀዝቀዣ ያቆየችውን ፓስቴሌ፣ በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለለውን የሥጋ ምግባችንን፣ አሙቄ አመጣለሁ። እማማ ኤርሊን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ መስኮታቸው ክፍት ነው፤ ጆሯቸው ደግሞ ከእኔ ይሻላል።

«እናንተ ልጆች፣ ደረጃዬ ላይ የምትቀመጡት ሆዳችሁን ርቧችሁ ነው ልባችሁን?» ይላሉ ከላይ።

«ሆዳችንን ነው፣ እማማ» ይላል ዌንደል።

«እኔን ነው የምታታልለው? ሆዱን የራበው ሰው ሳንድዊቹን ያያል።»

በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት ዌንደል ከመወጣጫው ሲወርድ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ኖኤሊያ፣ ከላይ ያለው አልጣመኝም። የውጪው ጡብ ከውስጡ ተለያይቷል፤ ስመታው ባዶ ነው የሚለው። ለስዕል ደርሷል ብዬ አልፈርምልሽም።»

«አልፈርምም ማለት?»

«የላይኛው ፈርሶ እንደገና መገንባት አለበት። ከዚያ ኖራው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ጥቅምት ላይ ይደርሳል።»

«ጥቅምት? ዘኪያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትሄዳለች እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ፣ ግን አይቸግርህም። ሥራህን ልታስረዝም ነው አይደል?»

ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈለግኩ፤ ግን ተናድጄ ነበር፤ ስናደድ ደግሞ ወደ ኋላ አላውቅም። ዌንደል መዶሻውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «እንደዚያ ካሰብሽ የምጨምረው የለኝም» አለ። ባዶውን ቦታ በቢጫ ገመድ አጠረ። ከዚያ ወደ እማማ ኤርሊን ቤት ወጥቶ አልጋቸውን ከግድግዳው በኩል ወደ መንገዱ በኩል ሲያዞር በመስኮት አየሁት። አሮጊቷን ያስፈራራል ብዬ ይባስ ተቃጠልኩ። ስቱዲዮ ገብቼ አርባ አንድ ቁጥርን ከመደርደሪያው ጎትቼ ለዘኪያ ሰጠኋት።

«ይሄን ጥለሽ በሥርዓቱ እንደገና ሥሪው።»

ዘኪያ ሸራውን አየች፣ እኔን አየች። ሸራውን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ሄደች።

ቅዳሜ ቢጫውን ገመድ ጠቅልዬ አነሳሁ። ከላይ ነው ያለው፣ ታችኛው ደህና ነው አልኩ ለራሴ። ሙጫችንን በጥብጠን የታችኞቹን ሦስት ረድፎች፣ ሠላሳ ስድስቱን ቁራጭ፣ ለጠፍን። ፊቷ ወጣ። የተከደነው የዓይኗ ቆብ ብቻውን ከዘኪያ ቁመት ይረዝማል። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ማዶ ተሰለፈ። የአውቶቡስ ሹፌሩ መንገድ መሐል አቁሞ በሩን ከፈተ፤ ተሳፋሪውም አልተቆጣውም። ዘኪያ ማዶ ሆና አፏን በሻርፗ ይዛ «እኔ ነኝ የሳልኳት?» ትላለች ደጋግማ። ያን ቀን ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ቀለም እየደባለቅኩ ሳለ ልጆቹ ከውጪ ጮሁ።

«ሚስ! ሚስ ኖኤሊያ! ነይ ቶሎ! እየተነፈሰች ነው!»

ወጣሁ። እውነትም ትተነፍስ ነበር። ደረቷ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ነፋስ ሲነካው ይሟሽሻል፣ እንደገና ያብጣል። አሥራ አራቱም አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል፤ አንዱ ኮፍያውን አውልቋል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ሥራዬ ቀለምና ሙጫ ነው፣ ግን አመንኩ። በሕይወት አለች ብዬ አመንኩ።

ከዚያ እጄን ሰድጄ ያበጠውን ነካሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ ከባድ ነው፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ውኃ ነበር። ዝናቡ ከላይ ባለው ክፍተት ገብቶ በሁለቱ ጡቦች መሐል ወርዷል። ድሮ ግድግዳዋ የጠጣችውን በስንጥቆቿ ሁሉ ትተፋው ነበር። አሁን እኛ በሙጫና በሸራ አፏን ዘግተንባታል።

«ወደ ማዶ! ሁላችሁም! ሩጡ!»

ድምፄ እንደዚያ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም፤ ሮጡ። እኔ ወደ እማማ ኤርሊን በረርኩ። በነጠላ ጫማቸው፣ የቴሌቪዥን ሪሞታቸውን እንደያዙ አወጣኋቸው። ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

«ዌንደል» አልኩት፣ «ግድግዳዋ ትተነፍሳለች።»

«ልጆቹስ?»

«ማዶ ናቸው።»

«እማማ ኤርሊን?»

«እጄን ይዘውኛል።»

«አንቺስ?»

እማማ ኤርሊንን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

«መጣሁ» አለ።

ሦስት ሰዎችና አንድ መኪና ሙሉ ወፍራም እንጨት ይዞ መጣ። «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። ግድግዳውን በእንጨት ደገፉት፤ ከታች ትንሽ ቀዳዳ ከፈቱለት፤ ውኃው እንደ ቧንቧ ተንዶለዶለ፣ ብዙ ሰዓት ፈሰሰ። እማማ ኤርሊን ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። ድጋፉ ከጸና በኋላ ዌንደል የራሱን የደህንነት ቆብ አጥልቆልኝ መወጣጫው ላይ አወጣኝ፤ አንድ ጡብ አወለቀ።

«እጅሽን አስገቢ።»

እስከ ክርኔ ገባ። የነካሁት ነገር የለም፤ ቀዝቃዛ አየር ብቻ። እዚያው እንባዬ መጣ።

«ልጆቼን እዚህ ሥር አቁሜያቸው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሥራህን ልታስረዝም ነው ብዬህ ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ለምን አትጮህብኝም?»

«ደክሞኛል» አለኝ። «ነገ እጮሃለሁ።»

በማግስቱም አልጮኸም። ግን እንደ በፊቱ እጁን ሊታጠብ አልመጣም፤ ከመኪናው ላይ በጠርሙስ ውኃ እያፈሰሰ ይታጠብ ነበር። ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር።

ሸራው መውረድ ነበረበት። ዘኪያ ሌላ ሰው አይንካት አለች። ዌንደል ቆብ አድርጎላት አጠገቧ ቆመ፤ እሷ ጥግ ጥጉን በስለት ቀስ ብላ ላጠችው። ሙጫውን ውኃው አላልቶት ኖሮ የተኛችው ልጅ ፊት ሳይቀደድ በሙሉ ወረደ። ዘኪያ አድርቃ ጠቀለለቻትና ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ይዛት ወደ ስቱዲዮው ገባች።

«ዘኪያ፣ ይቅርታ» አልኳት።

«ምኑን? አራት ቀን አየኋት እኮ። ቃልሽን ጠብቀሻል ሚስ።» ከዚያ ወደ ውጪ፣ እጁን በጠርሙስ ወደሚታጠበው ሰው በአገጯ ጠቆመች። «ይቅርታሽን ለሚፈልገው ስጪው።»

በሰኔ ሃያ ስምንት ሄደች።

ይቅርታውን ጠየቅኩት። ሰማኝ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ሥራውን ቀጠለ። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳው ፈርሶ ተሠራ። ልጆቼ ከአሮጌው ጡብ ላይ ኖራ እየፈቀፈቁ ያቀብሉት ነበር። አንድ የነሐሴ ቀን፣ ለማንም ሳይናገር፣ አንድ ጡብ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ቦታዋን አየሽ? አኑሪያት።»

አኖርኳት። ጠማማ ሆነች። ጎንበስ ብሎ አያት፣ እኔን አየኝ፤ ያቃናታል ብዬ ስጠብቅ ቀጣዩን ጡብ አጠገቧ አኖረና አለፈ።

ያን ዕለት ከሰዓት ስቱዲዮ ገብቼ አርባ አንድ ቁጥርን ፈለግኩ። እኔ ጠማማውን ያስጣልኩበት ሰው የእኔን ጠማማ ግንቡ ውስጥ አኑሮልኛል። መደርደሪያውን ገለበጥኩ፣ ዘኪያ እስክመለስ አይፈታ ካለችው ከፊቱ በቀር ጥቅልል ሁሉ ፈታሁ። አሮጌውም አዲሱም የለም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የምወደው መሆኑን ለራሴ የነገርኩት ያን ጊዜ ነው።

ጥቅምት ላይ ኖራው ደረቀ። ዌንደል ፈረመ። እማማ ኤርሊን ወደ ቤታቸው ተመልሰው አልጋቸውን እንደገና ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ዘኪያም ከጆርጂያ አሥራ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ መጣች። የተኛችውን ልጅ የፊት ጥቅልል ራሷ ፈታችው። ውስጡ ሌላ ሸራ ተጠቅልሎ ነበር፤ ቀለሙ ከመስመሩ እዚህም እዚያም ያመለጠ።

«ጣይው ብዬሽ አልነበር?» አልኳት።

«ስትናደጂ የምታዢውን ማን ይሰማል ሚስ?» አለች። «ደግሞ እኔ የተኛ ሰው ብርድ ልብስ ላይ ቀዳዳ አልተውም።»

ስድስት ቀን ለጠፍን። በስድስተኛው ቀን መወጣጫው ወረደ፤ ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተን መንገዱን ተሻገርንና አንድ ላይ ዞርን።

እዚያ ነበረች። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሦስት ፎቅ ሙሉ። አንድ እጇ ከጉንጯ ሥር፣ ጉልበቷ እጥፍ ብሎ። ብርድ ልብሷ ላይ የእማማ ኤርሊን የቤተ ክርስቲያን ቀሚስ አለ፣ የሹፌሩ ሸሚዝ አለ፣ ከልስኑ የቀዳናት ቢጫ አበባ አለች። ሰማንያ አራቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ መስመራቸውን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። እሷን ግን አላውቃትም ነበር። ማናችንም አናውቃትም ነበር። ከእኛ እጅ ወጥታ ከእኛ በላይ ሆናለች። ያ ሁሉ ሕዝብ አላጨበጨበም፣ አልጮኸም። አንዲት እናት የሚያለቅስ ሕፃኗን «እሽሽ» አለችው፤ ማንም አልሳቀባትም። መሐል ላይ፣ ከደረቷ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አርባ አንድ ቁጥር መስመሩን ስቶ ተቀምጧል። እዚያ ላይ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ሕዝቡ ሲበተን ፀሐይ ገና ጡቡ ላይ ነበረች። ዌንደል ብቻውን መንገዱን ተሻገረ። ሸራው ከሚያልቅበት በታች፣ ጡቡ ባዶውን ከቀረበት ጋ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ለጠፈ፤ በመዶሻው እጀታ ቀስ አድርጎ አንኳኳ። ሄድኩ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ፊታችን ስንዝር ባልሞላ ርቀት ተፋጠጠ፤ ያች የሚያዝያ ብናኝ ጉንጩ ላይ ያለች መሰለኝ።

«ምን አለችህ?» አልኩት።

«አንቺ ስሚያት እስቲ።»

አንዴ አንኳኳ። ድምፁ ሙሉ ነበር፤ ባዶ የለውም።

«ተኝታለች» አልኩት።

«እንግዲያው እንዳትነቃ ቀስ ብዬ ልንገርሽ» አለ ዌንደል።

ቀስ ብሎ የልቡን ነገረኝ። እኔም ቀስ ብዬ «እሺ» አልኩት። ከላይ ግን፣ በመንገዱ በኩል፣ መስኮት ተከፈተ።

«ምን አላት? አልሰማሁም!» አሉ እማማ ኤርሊን።

«እሽሽ!» አልናቸው ሁለታችንም።